ሞትን አስቀድሞ የጻፈው ሰርቨር

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች ቢቸና ያለው ቤቴ ድረስ እየመጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንዱ የአባቱን የእህል መጋዘን ሊያዘምን ነው፤ ሌላው ፋርማሲ ሊከፍት ነው፤ ሌላው ትምህርት ቤት ተቀጥሯል። ሁሉም ሰርቨር ሊተክሉ ነው። «ጋሼ ስማቸው፣ ሊኑክስ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ?» ይሉኛል። ቁጭ በሉ እልና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያሳየሁ «ስንት ሰዓት ነው?» እላቸዋለሁ። ይነግሩኛል። «እናንተ ቢሮ ያለው ኮምፒውተርስ አሁን ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» ስላቸው ግን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። «እሱማ የፈረንጅ ነው» ብለው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ ልጽፍ ነው የተነሣሁት።

የዚህ ሙያ ሰው ያልሆነ አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድሜ ልንገር። ሰርቨር ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ መረጃቸውን የሚያስቀምጡበትና መልሰው የሚጠይቁት ዋናው ማሽን ነው። እሱ ከቆመ ካርድ ክፍሉም፣ ላብራቶሪውም፣ ገንዘብ ተቀባዩም ይቆማሉ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ያንን ማሽን የሚያስነሣውና የሚያስተዳድረው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በላዩ የሚሠራበት መሠረት ነው። ሊኑክስና ዊንዶውስ የሁለት ዓይነት መሠረት ስሞች ናቸው። ሰዎች ስለ እነሱ ሲከራከሩ ስለ ሁለት ሃይማኖት የሚከራከሩ ይመስላሉ። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበርሁ።

ኮሌጅ አልገባሁም። ሙያውን ያገኘሁት ቢቸና ገበያ ዳር ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑ ሰው ነው። ጋሼ ይሁኔ ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ከዚያ ወጥተው ሬዲዮ መፍታትና መግጠም በራሳቸው ተማሩ። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ሲገባ ዕድሜዬ ገፍቷል ሳይሉ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነኝ፤ ሚስት አለችኝ፤ ልጄ እመቤት ድክ ድክ ትላለች። ሥራ ስለሌለኝ ሱቃቸው በር ላይ እየተቀመጥሁ እጃቸውን አያለሁ። አንድ ቀን «ከምታየው ያዝልኝ» አሉና ብሎን መፍቻ ሰጡኝ። በዚያው ቀረሁ።

ዛሬ ልጆች በስልክ ቪዲዮ አይተው በአንድ ሳምንት ባለሙያ ነኝ ይላሉ። ይሁን፤ ብዙ ያውቃሉ። ግን የሰው እጅ አላዩም። ጋሼ ይሁኔ ማሽን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ አቧራ በአፋቸው እፍ አይሉም፤ «ትንፋሽ እርጥብ ነው፣ በብሩሽ አንሣው» ይላሉ። የፈቱትን ብሎን ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ፤ ከላይ የወጣው ከላይ፣ ከግራ የወጣው ከግራ፣ ልክ ማሽኑ ላይ እንደነበረው። ሲገጥሙ ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ነው እንጂ ማሽኑ ላይ አይደለም።

ከሁሉ የሚለየው ልማዳቸው ግን ይህ ነበር። ማንኛውም ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ማንኛውንም ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ያዩና ቀና ብለው «ስንት ሰዓት ነው አንተ ዘንድ?» ይሉታል። ማሽኑን ነው የሚሉት። ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ያነባሉ፤ በጣታቸው ይቆጥሩና ወደ እኛ ሰዓት ይመልሱታል፤ ልክ ከሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሥራ ይጀምራሉ። ልክ ካልሆነ ሌላ ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ እሱን ያስተካክላሉ። ደንበኛ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«እሱ የሚሰማ ይመስል ሲጠይቁት ነው፣ ጋሼ።»

«ይህ ማሽን ያየውን ሁሉ የሚጽፍ ነው። የት ቆሞ እንደሚያይ ሳታውቅ የጻፈውን ትቀበላለህ? ሰላምታው ይኸ ነው፤ ልመድ።»

ለመድሁ። ለብዙ ዓመታት፣ በብዙ ቦታ፣ ያን ሰላምታ ሳልሰጥ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

ከጋሼ ይሁኔ ሱቅ ከወጣሁ በኋላ ደጀን ከተማ አንድ የጭነት መኪናዎች ድርጅት ውስጥ ሠራሁ። አለቃዬ ሰርቨሩን ጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ካፖርቱን ይደርብበት ነበር፤ ሲግል «ታሟል» ብሎ ይጠራኛል። ከዚያ ወደ ቢቸና ተመልሼ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ሥራ አስኪያጁን ዶክተር አስናቀ ልበላቸው። ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚበርዱ፣ ደመወዝ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ ሰው ናቸው። የክሊኒኩን ሰርቨር የተከልነው እኔና ጋሼ ይሁኔ ነን፤ ሊኑክስ ጫንንበት። ምክንያታችን ግልጽ ነበር። በእኛ ከተማ መብራት ሳይናገር ይሄዳል፣ ሳይናገር ይመጣል፤ ያ ማሽን ደግሞ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ከየቤታቸው በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስም አይነካውም። ዓመታት ሠራ። እኔም ኮራሁበት፤ የምኮራበት የእኔ ያልሆነ ነገር መሆኑን ግን ረሳሁ።

ክሊኒኩ ሞጣ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት ለቢቸና አዲስ ማሽን ተገዛ፤ አሮጌው ወደ ሞጣ ይሂድ ተባለ። ልጄ እመቤት በዚያን ጊዜ ነርስ ሆናለች፤ ለሞጣ ተመደበች። ጋሼ ይሁኔም አርጅተው ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ሞጣ ሄደዋል። ስለዚህ የሞጣው ሰርቨር ነገር ለእኔ የሩቅ አልነበረም።

ስብሰባ ተጠራ። ሞጣ ምን ይጫን? ሀብታሙ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጣት ለሞጣ ተቀጥሯል። ዊንዶውስ አለ። እኔ ሊኑክስ አልሁ።

«ጋሼ ስማቸው፣ አዲሱ የላብራቶሪ መሣሪያ ይዞት የመጣው ፕሮግራም በሊኑክስ አይሠራም» አለ ሀብታሙ።

«ፕሮግራም ይቀየራል። መሠረት አይቀየርም።»

«መሣሪያውን ማን ይቀይረዋል? እርስዎ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ነው። ነገ ሞጣ ላይ ቢበላሽ ሊኑክስ የሚያውቅ ማንን እንጠራለን?»

ዶክተር አስናቀ ወደ እኔ ዞሩ። «መልስ አለህ?»

ዊንዶውስ ተወሰነ። ዛሬ በሰከነ ልብ ሳየው ውሳኔው ስሕተት አልነበረም። ለሥራው የሚሆነውን መምረጥ ማለት መሣሪያውን፣ ሰዉን፣ መብራቱን ዓይቶ መምረጥ ነው እንጂ የወደዱትን ማንገሥ አይደለም። ያን ቀን ግን አኮረፍሁ።

አሮጌውን ሰርቨር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አድርጌ ሞጣ አደረስሁት። ጣራ ላይ ይጫን ቢሉኝ እምቢ አልሁ። ቅርንጫፉ ያለበት ግቢ ቀድሞ የምርጥ ዘር መጋዘን ነበር፤ ለሰርቨሩ የተሰጠው ክፍል መስኮት የሌለው የመጨረሻው ጓዳ ነው። ሀብታሙ እፊቴ የቀድሞውን ደምስሶ ዊንዶውስ ጫነ። በደንብ ሠራ፤ ምንም አላጓደለም። የክፍሉን ቁልፍ አስረከብሁት። ማሽኑን ግን ሰዓቱን አልጠየቅሁትም። ከእንግዲህ የእኔ አይደለም፤ ሰላምታም አይገባውም አልሁ በልቤ። በማግሥቱ ቢቸና ተመልሼ ጡረታዬን ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ የሞጣው ቅርንጫፍ ገና ኢንተርኔት ሳይገባለት፣ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክም አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ወሬ በአውቶቡስ ተሳፋሪ አፍ ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ሆነ። ከሞጣ የመጣው ወሬ ደግሞ ክፉ ነበር። ክሊኒኩ ሰው ከመሞቱ በፊት ሞቱን ይጽፋል አሉ።

ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ከጥበቃው ከደሴ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ቀትር ነው። የሁዳዴ ጾም ስለሆነ ሰዉ ከቅዳሴ በፊት አይቀምስም፤ መንገዱም ሱቁም ዝም ብሏል።

«አያ ስማቸው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያ ማሽን ላይ ምን ጫናችሁበት?»

«ዊንዶውስ።»

«እሱ ማነው?»

«ማንም አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። ምን ሆንህ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። መጀመሪያ አንድ ገበሬ ሞተ። የሞት ማስረጃው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይላል። ወንድሙ «በአንድ ሰዓትማ ስለ በሬያችን እያወራን ነበር፤ ሲስቅ ነበር» ብሎ ጮኸ፤ ሐዘን አዙሮታል ተብሎ ታለፈ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ሞቱ። ማስረጃቸው ላይ የተጻፈው ሰዓት ገና ክሊኒኩ ያልደረሱበት፣ በባጃጅ መንገድ ላይ የነበሩበት ሰዓት ነው። የባጃጁ ሾፌር እስከ ዛሬ «ሬሳ ነው እንዴ ሳነጋግር የመጣሁት?» ይላል።

«እኔ ተዛውሬያለሁ» አለ ደሴ።

«ወዴት?»

«ከዚያኛው በር ወደዚህኛው። በጓዳው በኩል አላልፍም። ሰዉንም በግቢው ውስጥ ደሴ ብላችሁ አትጥሩኝ ብያለሁ። ስሜን ከሰማ ይጽፈዋል።»

ተቆጣሁት። ማሽን ስም አይሰማም፤ ያስገቡለትን ይጽፋል፤ እናንተ ሰነፎች የራሳችሁን ዝርክርክነት በእሱ ታላክካላችሁ አልሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ የጓዳውን በር ጠበል እንደረጨችው ሲነግረኝ ደግሞ ባሰብኝ፤ መብራት ያለበት ቤት ውስጥ ውሃ የሚረጭ ሰው የእውነት ሞት ይጠራል ብዬ ጮኽሁ።

ከዚያ በጓዳው በር ፊት ለፊት አለፍሁ። በሩ ዝግ ነው። መብራት የለም፤ ግቢው በሙሉ ጸጥ ብሏል፤ ባትሪ ስላለው የእሱ ማራገቢያ ብቻ ይነፍሳል። በበሩ ሥር የሚወጣው አየር እግሬን ነካኝ፤ ሞቃት ነው፣ እንደ ትንፋሽ። ለዓመታት ያስነሣሁት፣ የጠረግሁት፣ ጭኔ ላይ ያመጣሁት ማሽን ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ግን ጸጉሬ ቆመ። ቁልፉን ከሀብታሙ መጠየቅ እችል ነበር። ያስረከብሁትን ቤት ተመልሼ አልጠይቅም ብዬ ወደ ቢቸና ተሳፈርሁ።

በዚያው ጾም ውስጥ የጋሼ ይሁኔ መሞት ተሰማ። ያረፉት በዚያው ክሊኒክ ነው። ስሰማ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብራቸው አልደረስሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ መንገዱ ሲከፈት ልጄ እመቤት ሳይጠበቅ ቢቸና መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከሥራ ታግጃለሁ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ይሁኔ በተኙበት ቀን ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሲያስታምሟቸው ቆይተው በስድስት ሰዓት የቅዳሴው ደወል ሲደወል «ጠበል ይዤልህ ልምጣ» ብለው ሄዱ። ቅዳሴው አልቆ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጠበሉን ይዘው ሲመለሱ ጋሼ ይሁኔ አርፈዋል። እመቤት «አሁን ነው፣ የዘጠኙ ደወል ሲደወል» አለቻቸው። ማስረጃው ሲታተም ግን ስድስት ሰዓት ይላል። እትዬ ጥሩወርቅ አስነብበው የተረዱት እንዲህ ነው፦ እኔ ገና ከበሩ ስወጣ ሞቷል፤ ይቺ ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሬሳውን ጥላ የት ነበረች? እመቤት ደግሞ በእጇ በምትሞላው የሕክምና ካርድ ላይ በስምንት ሰዓት መርፌ ሰጠሁ ብላ ጽፋለች። ክሊኒኩ ያነበበው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ለሞተ ሰው መርፌ ሰጠሁ ብላ በሐሰት ጽፋለች። መሞታቸውን ያረጋገጠው ሐኪም ለሁለት ቀን በምትክ የመጣ ነው፤ ማሽኑ ያተመውን ሳያነብ ፈርሞ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። በክፍሉ ሌላ በሽተኛ አልነበረም። ምስክሯ እሷ ራሷ ብቻ ናት። የሙያ ፈቃዷ እንዲነጠቅ ሊጻፍባት ነው።

«ተኝተሽ ነበር?» አልኋት።

«አልተኛሁም።»

«ወጥተሽ ነበር? እውነቱን ተናገሪ። ውሸት ከፈቃድሽ የበለጠ ያስወስድብሻል።»

«አባዬ፣ አልወጣሁም።»

«ማሽኑ ስድስት ይላል። ማሽን ደግሞ የሚያዳላበት ምክንያት የለውም።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «የወለዱት እኔን ነው ወይስ እሱን?» አለችኝ።

እናቷ ከጓዳ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በቁጣ ነው፤ ለእውነት ስል ነው እያልሁ። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ቁጣው እጄ ላይ ቀረ፤ የማደርግበት ጠፋኝ። ዝቅ ብዬ አጠገቧ ደፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«እሺ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ከወጡ በኋላ ምን አሉ?»

«ምንም። ይቃዡ ነበር መሰለኝ።»

«ቅዠቱንም ቢሆን ንገሪኝ።»

«የስድስቱ ደወል ሲደወል ዓይናቸውን ገለጡና አልጋቸው አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር አዩት። ያ ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘው ነው። 'ስንት ሰዓት ነው እሱ ዘንድ?' አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አንብቤ 'ዘጠኝ ይላል' አልኋቸው። 'በእኛስ?' አሉ። 'ሦስት ሰዓት ይሆናል' አልሁ። 'ደወሉ ግን የስድስት ነው' አሉኝ። 'የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው፣ አባባ' አልኋቸው። ሳቅ አሉ። 'የፈረንጅማ ቢሆን አሥራ ሁለት ነበር ማለት ያለበት' አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ነው ቅዠቱ። 'ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ግድ የለም፤ እስኪደርስብኝ እጠብቀዋለሁ' አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በስምንት ሰዓት መርፌውን ስወጋቸው ነቅተው ነበር፤ 'ደረሰ?' አሉኝ። 'ገና ነው' አልኋቸው፤ ምን እንደሚሉ ሳይገባኝ። የዘጠኙ ደወል ሲደወል አረፉ።»

ጋሼ ይሁኔ ሞታቸው ላይ ሆነው እንኳ ሰላምታውን አልተዉም። እኔ የዘለልሁትን እሳቸው በሞት አልጋ ላይ ሆነው ጠየቁት። የጠየቁት በስድስት ሰዓት ነው፤ ማሽኑም የጻፈላቸው ስድስት ሰዓት ነው። እሱ ስድስት እስኪል ጠበቁት፤ ሲደርስባቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ከእመቤት ጋር ሞጣ ወረድን። ዶክተር አስናቀ ለዚሁ ጉዳይ እዚያው ነበሩ። ጓዳው ይከፈትልኝ አልሁ። ሀብታሙ ቁልፉን ይዞ መጣ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ገብቼ ማሽኑ ፊት ቆምሁ፤ የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ ሰው እየሰማኝ ሳላፍር «ስንት ሰዓት ነው አንተ ዘንድ?» አልሁት። ስክሪኑ ጥግ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። የፈረንጅ ቀትር። እኛ ዘንድ ቀትር ካለፈ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው።

ሀብታሙ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ግንባሩን ያዘ። «እኔ ላስረዳ» አለ። ማስረዳቱን ለእሱ ተውሁ፤ በደንብ ያወቀው እሱ ነው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ያላት ሰዓት አለች። ሊኑክስ ያችን ሰዓት አገሮች ሁሉ የየራሳቸውን ሰዓት በሚቆጥሩበት በዓለም መነሻ ሰዓት ያስቀምጣታል፤ ለእኛ ሲያሳይ ሦስት ሰዓት ይጨምርበታል፤ አገራችን ከመነሻው በዚያ ያህል ስለምትቀድም። ዊንዶውስ ግን ያችን ሰዓት እንዳለች የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነባታል። የቀድሞው ሲደመሰስ ሰዓቷ በነበረችበት ቀረች፤ አዲሱ ያገኘውን አመነ። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን ራሱን ያርም ነበር።

«ሁለቱም አልዋሹም» አለ ሀብታሙ። «ሲረካከቡ አልተነጋገሩም። እኛም እንደዚያው።»

«ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ሰው አያይም?» አሉ ዶክተር አስናቀ።

አላየንም። ስልካችን በእኛ ሰዓት ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ በሌላ፤ የሁለቱ አለመግጠም የለመድነው ነው፤ በስንት እንደማይገጥሙ የቆጠረ ግን የለም። የክሊኒኩ ፕሮግራም ሌላውን ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመዘግብ ማንም አያነበውም። የሞት ማስረጃ ላይ ብቻ፣ ለቤተሰብ ስለሚሰጥ፣ ወደ እኛ ሰዓት ለውጦ ያትማል። ለዚህ ነው በሞት ብቻ የታወቀው። የገበሬውም፣ የአሮጊቷም ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት ልክ ሆነ። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ግን አሁንም አልገባም።

«አሁን ይስተካከል» አሉ ዶክተር አስናቀ።

«አይነካ» አልሁ። «እትዬ ጥሩወርቅ ይምጡ። እንደተበላሸ ይዩት። ልጄም የሚሰሙት እያሉ ትናገር።»

ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ደሴ ሮጦ ጠራቸው። ጥቁር ለብሰው መጡ። እመቤትን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሀብታሙ አስረዳቸው። ስለ ባትሪና ስለ ዓለም መነሻ ሰዓት መስማት ለእሳቸው ምን ይጠቅማል? ባሌ ብቻውን ሞተ ያለች ሴት ፊት ቁጥር ባዶ ነው። ስለዚህ እመቤትን «ያሉትን ንገሪያቸው» አልኋት።

ነገረቻቸው። «ስንት ሰዓት ነው እሱ ዘንድ» የሚለው ላይ ስትደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ እሷ ዞሩ። «እስኪደርስብኝ እጠብቀዋለሁ» ስትል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እሱ ነው» አሉ። «ይኸን የሚል ሌላ ሰው የለም። አንቺ ልጅ ልትፈጥሪው አትችይም።» ከዚያ «መርፌውን ስትወጊው አናገረሽ?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። 'ደረሰ?' አሉኝ።»

«ብቻውን አልነበረማ።»

«አልነበሩም። እጃቸውን ይዤ ነበር።»

ጎትተው አቀፏት። ዶክተር አስናቀ እገዳው በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዲነሣ፣ ማስረጃውም እንዲታረም አዘዙ። በሠራተኛው ፊት ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። በአደባባይ የተነሣ ስም በጓዳ አይመለስም።

ሀብታሙ ሊያስተካክል ወንበሩን ሲስብ «እርስዎ ያድርጉት» አለኝ። ማውሱን ያዝሁ። ሦስት ሰዓት ወደፊት ስወስደው ስንት ሰው ያልኖረበት፣ ስንት ነገር ያልተጻፈበት ባዶ ጊዜ እንደዘለልሁ አሰብሁ፤ ዛሬም የዚያ ቀን መዝገብ ቢከፈት ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞጣ ላይ ምንም አልሆነም ይላል። እሺ የሚለውን ስጫን የዘጠኙ ደወል ተደወለ። እኔ ጠብቄ አላደረግሁትም፤ ሀብታሙም አልጠበቀም። ለማሽኑ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ጋሼ ይሁኔ ሰዓቱን እንዴት እንዲያ ልክ አድርገው እንደጠበቁት ግን ምክንያት የለኝም፤ ያላወቅሁትን አውቃለሁ አልልም።

ሁላችንም ቆመን ስክሪኑን አየን። ማራገቢያው ይነፍሳል። እትዬ ጥሩወርቅ ማንበብ አይችሉም፤ ወደ እመቤት ጎንበስ ብለው ማሽኑ እንዳይሰማ ያህል በሹክሹክታ ጠየቋት።

«ደረሰ?»

«ደረሰ፣ እማማ» አለች ልጄ።